‹ስፖርት ትሠራለህ?› ብላችሁ አትጠይቁ፦ በድሬዳዋ የልጆችንና የወጣቶችን እንቅስቃሴ ለሀገር አቀፍ ምዘና መለካት

ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ድረስ በእግሯ ተመላልሳ የምትማር፣ ማታ ማታ በ20 ሊትር ጄሪካን ውኃ የምትቀዳ የ14 ዓመት ልጅ «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» ስትባል መልሷ «አልሠራም» ነው። አልዋሸችም። ስፖርት ሲባል በእኛ ጆሮ ኳስ ሜዳ፣ ቱታና ጂም ነው። መጠይቁ ግን «እንቅስቃሴ የማታደርግ» ብሎ ይመዘግባታል፤ ያ ስህተት በሺህ ልጆች ተባዝቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የሀገር አኃዝ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚባክነው በስሌቱ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው፣ ሰዓቱና የተጠያቂው ምርጫ ከልጆቹ ኑሮ ጋር ሳይገጥም ሲቀር።

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ ወይም በሐረር ሆነው የሕፃናትና የወጣቶችን እንቅስቃሴ ከሌሎች ክልሎች ጋር በሚነጻጸር መንገድ ለመለካት ለሚነሱ የጤናና የትምህርት ባለሙያዎች፣ ለስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎችና ለጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የተዘጋጀ ነው።

መስፈርቱን በጽሑፍ አስፍሩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በሳምንቱ ውስጥ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይላል። በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ትንፋሽ የሚያሳጥር ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር እንዲኖር፣ ተቀምጦ የሚጠፋው ጊዜ፣ በተለይ ለመዝናኛ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ፣ እንዲቀንስ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው ልጁ እያወራ ሊያደርገው የሚችለው፣ መዝፈን ግን የሚቸግረው ዓይነት ነው። ጠንካራ የሚባለው ደግሞ ከሁለት ከሦስት ቃል በኋላ ትንፋሽ የሚያስወስደው ነው።

«በአማካይ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ውጤቱን ግን ትገለብጣለች። ድርጅቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር «በየቀኑ 60 ደቂቃ» የሚል ነበር። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ተኩል ኳስ የሚጫወት ልጅ በሳምንት 420 ደቂቃ ሞልቷል፤ ለ7 ሲካፈል 60 ይመጣል። በአዲሱ መስፈርት አለፈ፤ በአሮጌው ግን ከ7 ቀን 2 ቀን ብቻ ስለሆነ ወደቀ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ተማሪዎች 81 ከመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ተብሎ የሚጠቀሰው አኃዝ በየቀኑ በሚለው የተሠራ ነው። የእናንተን ቁጥር ከዚያ ጋር የምታስተያዩ ከሆነ በዚያው ስሌት ሥሩ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ፤ ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አትቅበሩት።

የአጸደ ሕፃናት ልጆችን እዚህ አታስገቡ። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ መስፈርቱ ሌላ ነው፦ በቀን 180 ደቂቃ፣ ከዚያ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ። መላሹም ልጁ ሳይሆን ወላጅ ነው።

ማንን ትጠይቃላችሁ?

ለአንድ ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር የሚሆን ቁጥር እንዲህ ይወጣል። ምጣኔው አስቀድሞ ካልታወቀ 50 ከመቶ ይወሰዳል፤ በ95 ከመቶ እርግጠኝነትና በ5 ከመቶ የስህተት ክልል 385 ልጅ ይሆናል። ልጆቹን በክፍል በክፍል ስለምትጠይቁና የአንድ ክፍል ልጆች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ በ2 ይባዛል፤ 770። 10 ከመቶው አይገኝም ወይም አይመልስም ብላችሁ 770ን ለ0.9 ስታካፍሉ 856 ይመጣል። የሴትና የወንድ ውጤት ለየብቻ በዚሁ ጥራት ከተፈለገ እጥፍ ነው። ሀገር አቀፍ ጥናት ሲሆን ይህ ቁጥር ለሀገሪቱ በጠቅላላ ሳይሆን ለብቻው ውጤት ለሚወጣለት ለእያንዳንዱ ክልል ነው። ብዙ ጥናት እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ 900 ልጅ ለመላ ሀገሪቱ ወስዶ በመጨረሻ «ድሬዳዋ እንዲህ ናት» ይላል፤ የድሬዳዋው ድርሻ አንድ ክፍል እንኳ አይሞላም።

ትምህርት ቤቶቹ የሚመረጡት በተማሪ ብዛታቸው ልክ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከትምህርት ቢሮ የተገኘው ዝርዝር 40 ትምህርት ቤትና 24,000 ተማሪ ይዟል እንበል፤ የሚፈለገው 20 ትምህርት ቤት ነው። 24,000 ለ20 ሲካፈል 1,200። የተማሪውን ቁጥር ከላይ ወደ ታች እየደመራችሁ ጻፉ። ከ1 እስከ 1,200 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር በዕጣ አውጡ፤ 437 ወጣ እንበል። ድምሩ 437ን፣ ከዚያ 1,637ን፣ ከዚያ 2,837ን የያዙት ትምህርት ቤቶች እያለ 20 እስኪሞላ ይቀጥላል። ከ1,200 በላይ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት መግባቱ አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ ከተመታ ሁለት ክፍል ይወሰድበታል።

በተመረጠው ትምህርት ቤት የሁሉም ሴክሽኖች ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና አንዱ በዕጣ ይወጣል። ዝርዝሩ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ፈረቃ መያዝ አለበት። ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ የጠዋቱን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ ክፋት የለበትም፤ እናንተ የሄዳችሁት ጠዋት ስለሆነ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ግን የሁለቱ ፈረቃ ልጆች አንድ አይደሉም። የጠዋቱ ልጅ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቤቱ ገብቶ ጥላ ይይዛል፤ የከሰዓቱ ልጅ በዚያው ሐሩር ወደ ትምህርት ቤት ይጓዛል፤ ቀዝቃዛዋ ጠዋት ደግሞ የእሱ የጨዋታና የሥራ ሰዓት ናት።

ከተመረጠው ክፍል ሙሉው ይጠየቃል። «ጎበዝ ጎበዙን ልምረጥላችሁ» የሚል መምህር አይጠፋም፤ በትሕትና እንቢ በሉ።

ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉትን የምትፈልጉ ከሆነ በክፍል ደረጃ አትመኑ። ዘግይቶ የገባና የደገመ ስላለ የ15 ዓመት ልጅ 6ኛ ክፍልም 10ኛም ይገኛል። ከ7ኛ ክፍል በላይ ብቻ ከወሰዳችሁ ዘግይተው የገቡት፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጡትና ቤተሰብ በሥራ የሚያግዙት፣ ይቀራሉ።

ዋናው ቀዳዳ ግን ትምህርት ቤት የማይሄደው ልጅ ነው። ሊስትሮው፣ ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚሸከመው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ከከተማው ውጭ ባሉት ቀበሌዎች ፍየል የሚጠብቀው በስም መጥሪያ ላይ የሉም፤ ከሁሉም በላይ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ትምህርት ቤት ተኮር ጥናት የሚያወጣው ቁጥር የተማሪዎች እንጂ የልጆች አይደለም፤ ሪፖርቱም «ተማሪዎች» እያለ መጻፍ አለበት። አቅም ካለ ቀበሌዎች በዕጣ ተመርጠው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መዝገብ ላይ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉት ይፈለጋሉ። ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች በአሠሪያቸው ፊት ነፃ ሆነው ስለማይመልሱ ለብቻቸው ይነጋገሩ።

ፈቃድ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ፣ ርዕሰ መምህር፣ ወላጅ፣ በመጨረሻም ልጁ ራሱ። ሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የራሱ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስላለው ለአካባቢው ቡድን ቅርቡ እሱ ነው። የወላጅ ቅጽ በልጁ እጅ ከተላከ ግማሹ በደብተር ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ድጋሚ ይላክ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚያስረዳ ሰው በወላጅ ስብሰባ ቀን ይገኝ።

ጥያቄው

በዓለም አቀፉ የተማሪዎች ጤና ዳሰሳ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ በቀን በድምሩ ቢያንስ 60 ደቂቃ የተንቀሳቀስክባቸው ቀናት ስንት ናቸው? መልሱ ከ0 እስከ 7። ጥያቄውን መለወጥ አይገባም፤ ከለወጣችሁት ከሌላ ሀገርና ከሌላ ዓመት ጋር አይነጻጸርም። የእናንተ ነፃነት ያለው ከጥያቄው በፊት በሚነበበው መግቢያና በምሳሌዎቹ ላይ ነው፤ ሥራው በሙሉ ያለውም እዚያ ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እንቅስቃሴ ስንል ልብህን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታ፣ አንዳንዴም ትንፋሽህን የሚያሳጥር ማንኛውም ነገር ነው። ኳስ፣ አባሮሽ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ጭፈራ፣ ብስክሌት መንዳት፣ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ዕቃ መሸከም፣ ልብስ በእጅ ማጠብ ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ያደረግኸውን ደምረው።»

ሱዚና ልብስ ማጠብን የጨመርነው ለማሳመር አይደለም። ምሳሌው ኳስና ሩጫ ብቻ ከሆነ ወንዶቹ ራሳቸውን ያገኙበታል፤ ሴቶቹ ግን ዜሮ ይሞላሉ፤ ከዚያ «የሴቶች እንቅስቃሴ እጅግ ዝቅተኛ ነው» የሚል ግኝት ይወለዳል። በእርግጥም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ምን ያህሉ ከኑሮው፣ ምን ያህሉ ከመጠይቁ እንደመጣ ግን መለየት አይቻልም። በተቃራኒው ብይ፣ ገበጣ፣ ጆተኒና ፕሌይስቴሽን እንደማይቆጠሩ በቃል ተናገሩ፤ «ጨዋታ» ሲባል ልጆቹ እነዚህንም ይደምራሉ።

«በድምሩ» የምትለው ቃል ሳትብራራ ከታለፈች 60 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ያልሮጠ ሁሉ ዜሮ ይላል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦ ወደ ትምህርት ቤት ፈጠን ባለ እርምጃ 15 ደቂቃ፣ ሲመለስ 15፣ በዕረፍት ሰዓት አባሮሽ 10፣ ማታ ኳስ 20፤ 60 ሞላ።

«ያለፈው ሳምንት» አትበሉ፤ ልጁ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ይወስዳል። ትናንትን አስጠርታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ እያሳያችሁ።

ትርጉሙን ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ሰው ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ አማርኛዎች ጎን ለጎን ይነበቡ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው «መካከለኛ ጉልበት» የሚለው ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ «መካከለኛ ሥራ» ይሆናል። ከዚያ በናሙናው ውስጥ በሌለ አንድ ትምህርት ቤት ከ20 እስከ 30 ልጆች ላይ ይሞከር። ሙከራው ላይ የምትፈልጉት መልሳቸውን ሳይሆን ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት ነው፤ «ሦስት ያልከው የትኞቹን ቀናት ነው? ምን አድርገህ?» እያላችሁ ጠይቁ።

ተቀምጦ ስለሚጠፋ ጊዜ ስትጠይቁ በስልክ፣ በቴሌቪዥንና በጌም ቤት ብቻ አትወሰኑ። ከ15 ዓመት በላይ ላሉት ወንዶች በርጫ ላይ መቀመጥም አለ። ይህን ልጁ ራሱ በወረቀት ይሙላ እንጂ ማንም ፊት ለፊት አይጠይቀው፤ መጠይቁ ሲሞላም መምህሩ ከክፍል ይውጣ። መምህር ባለበት ክፍል ጫት የሚቅም ልጅ የለም፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ካለ ደግሞ ሁሉም 7 ቀን ሯጭ ነው።

ዘመን፣ ሰዓትና ወቅት

ከውጭ የመጣ ፎርም እዚህ ሀገር ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው የትውልድ ዘመን ነው። በ2018 ዓ.ም. የተጠየቀ ልጅ «በ2004 ተወለድኩ» ካለ 13 ወይም 14 ዓመቱ ነው። ኮምፒዩተሩ 2004ን በፈረንጅ ከወሰደው 21 ያደርገውና ከዕድሜ ክልል ውጭ ብሎ ይጥለዋል። ኦዲኬ ኮሌክት የተባለው በስልክ መጠይቅ የሚሞላበት አፕ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ ያን ተጠቀሙ፤ ወይም ዕድሜውን በዓመት ብቻ ጠይቁ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከታች የምናነሳው የእንቅስቃሴ መለኪያ መሣሪያ የታሰረለት ልጅ «2 ሰዓት ላይ አወለቅሁት» ብሎ ሲጽፍ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም፤ መሣሪያው ደግሞ 8 ወይም 20 ብሎ መዝግቦታል። መመዝገቢያው ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ አራት ሳጥኖች ይኑሩ፤ የ6 ሰዓቱን ልዩነት የሚያስተካክለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ካስተካከለው 12 ይሆናል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ኅዳር ለድሬዳዋ ከሚመቹት ወራት አንዱ ነው፤ ትምህርት ተረጋግቷል፣ ሙቀቱም በርዷል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የተለካ ልጅ ሙቀቱን እንጂ ልማዱን አይነግራችሁም። በረመዳን እንቅስቃሴው ከቀን ወደ ማታ ይዞራል፤ ሐረር ላይ ከረመዳን በኋላ በሚከበረው የሹዋሊድ በዓል ሰሞን ልጆች እስከ ሌሊት ሲጨፍሩ ያመሻሉ። የታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሳምንት ደግሞ በእግሩ የሚሄደው ብዙ ስለሆነ «ያለፉት 7 ቀናት» ምን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም። እነዚህን ሳምንታት ዝለሉ። ሌላው ክልል በዚያው ወር እየለካ ከሆነና ማዘግየት ካልተቻለ ግን ለኩ፤ ቀኑንና የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት መዝግባችሁ ከመረጃው ጋር አስቀምጡ።

መሣሪያ ለጥቂቶች

መጠይቅ የልጁን ትዝታ ነው የሚለካው። ስለዚህ ከናሙናው ጥቂቶቹ ላይ አክስለሮሜትር፣ ማለትም የሰውነትን እንቅስቃሴ በቁጥር የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ፣ ይታሰርና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። 40 መሣሪያ ያለው ቡድን፣ 7 ቀን ማሰሪያ፣ 2 ቀን ደግሞ መረጃ መገልበጫ፣ ቻርጅ ማድረጊያና ቀበቶ ማጠቢያ ይዞ በ4 ሳምንት 3 ዙር፣ ማለትም 120 ልጅ ያደርሳል።

መሣሪያው በቀኝ ዳሌ ላይ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ከሸሚዝ በታች ይታሰራል። መጀመሪያ የሚታሰርበት ቀን አይቆጠርም፤ ልጆቹ ያን ቀን ሆን ብለው ይዘላሉ። አንድ ቀን እንደ ሙሉ ቀን የሚያዘው ቢያንስ 10 ሰዓት ከታሰረ ነው፤ አንድ ልጅ በስሌት የሚገባው ቢያንስ 4 እንዲህ ያለ ቀን፣ ከመካከላቸውም አንዱ የዕረፍት ቀን፣ ካለው ነው። 60 ደቂቃ ያለማቋረጥ ዜሮ ከሆነ ተፈትቷል ተብሎ ይወሰዳል።

መሣሪያው ቆጠራውን በየ15 ሰከንዱ እየደመረ እንዲመዘግብ ይሞላ። ልጅ እንደ አዋቂ 20 ደቂቃ ተከታትሎ አይሮጥም፤ ብድግ ብሎ ይሮጥና ቆም ይላል። በ60 ሰከንድ ስትደምሩት ሩጫውና ዕረፍቱ ተቀላቅለው «ቀላል እንቅስቃሴ» ይሆናሉ። ለልጆች በብዛት የሚሠራበት የኤቨንሰን መለያ መሣሪያው በ15 ሰከንድ ውስጥ የቆጠረው ንቅናቄ እስከ 25 ከሆነ ቁጭ ማለት፣ ከ26 እስከ 573 ቀላል፣ ከ574 እስከ 1,002 መካከለኛ፣ ከ1,003 ጀምሮ ጠንካራ ነው። መለያውን መለወጥ ብቻውን ውጤቱን በእጥፍ ሊያራርቀው ስለሚችል የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፤ ጥሬውንም ፋይል አትደምስሱ።

የዳሌ መሣሪያ የማያየው ነገር አለ። ብስክሌት ላይ ዳሌ ብዙም አይነቃነቅም። 20 ሊትር የተሸከመች ልጅ ባዶ እጇን ከምትሄደው በላይ ጉልበት ታወጣለች፤ መሣሪያው ግን እርምጃዋን እንጂ ሸክሟን አይቆጥርም። ስለዚህ መሣሪያውን ዳኛ፣ መጠይቁን ተከሳሽ አታድርጉ፤ ሁለቱ ሲለያዩ መጀመሪያ የምታዩት ልጁ ውኃ ይቀዳ ወይም ብስክሌት ይነዳ እንደሆነ ነው።

ሰፈር ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ካሜራ ነው? ድምፅ ይቀዳል?» በወላጅ ስብሰባ ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ የት እንደሄደም ምን እንደተባለም እንደማያውቅ ይነገር። መብራት ስለሚጠፋ ሁሉም ከመሰራጨታቸው በፊት ባለው ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞሉ። በላብ ምክንያት ቀበቶውን የሚፈታ ይበዛል፤ ሁለት ሁለት ቀበቶ መስጠት ከማባበል ይሻላል።

ገንዘብ ከሌለ ፔዶሜትር (እርምጃ ቆጣሪ) ይበቃል። በቀን ወደ 12,000 እርምጃ ለ60 ደቂቃው ግምታዊ ምትክ ተደርጎ ይወሰዳል። ማሳያው በፕላስተር ይሸፈን፤ አለዚያ ልጆቹ እያዩ እያራገፉ ይወዳደሩበታል። የስልክ አፕ አይሠራም፤ አብዛኛው ልጅ የራሱ ስልክ የለውም፤ ያለውም ኳስ ሲጫወት ጫማው አጠገብ ያስቀምጠዋል።

ሜዳውን ማየት

ለዚህ ዓይንና እርሳስ ይበቃል። ልጆች የሚጫወቱባቸው ቦታዎች በካርታ ይለዩ፦ የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉት ጥላ ያላቸው መንገዶች። ታዛቢው አንድ ቦታ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ብቻ ያያል፤ መጀመሪያ ሴቶችን፣ ቀጥሎ ወንዶችን፤ እያንዳንዱን ልጅ ባየበት ቅጽበት ተቀምጧል ወይም ቆሟል፣ ይራመዳል፣ በጣም ይንቀሳቀሳል ብሎ በሦስት ይከፍላል። አንዴ ያለፈውን ተመልሶ አያይም። ሁለት ታዛቢ ጎን ለጎን ሆነው ይለማመዱ፤ ቁጥራቸው ከአሥር ስምንት ጊዜ ያህል ካልተስማማ ለሥራ አይሰማሩ።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደቻቱ ብትወርዱ አሸዋና ፀሐይ ብቻ ታያላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ የዕረፍት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትና አመሻሹ 11፡30 ይሞከሩ፤ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ይህ ዘዴ ይቸገራል፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ በአንድ እይታ የሚገባው ጥቂት ልጅ ነው። እዚያ ቦታውን በትንንሽ ቆርጦ በየኮርነሩ መቆም ያስፈልጋል።

የአካል ብቃት ፈተና ከእንቅስቃሴ መጠን ጋር ይምታታል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የ20 ሜትሩ የመመላለስ ሩጫ ከተጨመረ (በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል) ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ፤ ውኃና ጥላ ይኑር። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት፣ የጾመም ልጅ አይሩጥ። ድሬዳዋ ወደ 1,200፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ የሁለቱን ከተማ ልጆች ብቃት በቀጥታ አታወዳድሩ።

ስሌትና ውጤት

ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጠው ክብደት የመመረጥ ዕድሉ ግልባጭ ነው። በቀደመው ምሳሌ 900 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት የመመረጥ ዕድሉ 20 ሲባዛ በ900 ሲካፈል ለ24,000፣ ማለትም 0.75 ነው። ከ15 ክፍሎች አንዱ ስለተወሰደ 0.75 ለ15 ሲካፈል 0.05፤ ክብደቱ 20። ከ60 ተማሪዎች 51 ከመለሱ 20 በ60 ተባዝቶ ለ51 ይካፈላል፤ 23.5። ትንተናውም ክላስተሩን፣ ማለትም ልጆቹ በክፍል በክፍል መመረጣቸውን፣ ከግምት በሚያስገባ የሶፍትዌር ትእዛዝ ይሁን፤ ያለዚያ የስህተት ክልሉ ከእውነቱ ጠቦ ይወጣል።

ከስሌቱ በፊት መጠይቆቹን በክፍል በክፍል ደርድሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ልጅ «5 ቀን» ብሎ ከመለሰ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ተናግሯል ማለት ነው። ያ ክፍል ለብቻው ይመርመር።

ውጤቱ ለሀገራዊ ሪፖርት ካርድ የሚውል ከሆነ፣ ኢትዮጵያ በ2018 እና በ2022 እ.ኤ.አ. የሀገራትን ሪፖርት ካርድ ጎን ለጎን በሚያነጻጽረው ዓለም አቀፉ ማትሪክስ እንደተሳተፈችበት፣ 10 ዋና ዋና መለኪያዎች አሉ፦ አጠቃላይ እንቅስቃሴ፣ የተደራጀ ስፖርት፣ ነፃ ጨዋታ፣ በእግር ወይም በብስክሌት መመላለስ፣ ተቀምጦ መዋል፣ የአካል ብቃት፣ ቤተሰብና ጓደኛ፣ ትምህርት ቤት፣ አካባቢ፣ መንግሥት። መስፈርቱን የሚያሟሉት ልጆች ከመቶ 80 እና በላይ ከሆኑ በኤ፣ ከ60 እስከ 79 በቢ፣ ከ40 እስከ 59 በሲ፣ ከ20 እስከ 39 በዲ፣ ከ20 በታች በኤፍ ይመደባል። መረጃ ለሌለው መለኪያ «ያልተሟላ» የሚል ምልክት አለ። እሱን መጻፍ ኮሚቴው ተቀምጦ በግምት ሲ ከሚሰጥ ይሻላል፤ በሚቀጥለው ዙር ገንዘብ የሚመደበው ባዶ ሆኖ ለታየው ነው። በእግር መመላለስ ላይ ባጃጅ የሚሳፈሩትን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ጠዋት በእግር ሄዶ ቀትር ላይ በባጃጅ የሚመለስ ልጅ ብዙ ስለሆነ መሄጃውና መመለሻው ሁለት ጥያቄ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ይመለስ፤ የራሱ ልጆች ውጤት ከከተማው አማካይ ጋር፣ ስም ሳይኖርበት። ክፍሉ ከ30 ልጅ በታች ከሆነ ግን በጾታ አትከፋፍሉት፤ አራት ሴት ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደመለሰ ሁሉም ያውቃል።